ፒክአፕ ልትገዛ ነው አሉ

መርሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ፍፁም ከአዲስ አበባ ደወለ። አራተኛ ክፍል ሳስተምረው ዴስኩን እንደ ከበሮ እየደበደበ ያስቸግረኝ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን ሙዚቃ አቀናባሪ ሆኗል። «ቲቸር፣ የእርስዎን ክራር ብቻውን መቅዳት እፈልጋለሁ። ዘፈንም ከበሮም አይገባበትም» አለኝ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ፣ አምባሰል። በተለይ አምባሰልን፣ ወልድያ ኪነት ቡድን ውስጥ ሳለን እንጫወተው በነበረው መንገድ። ያንን አጨዋወት የሚያውቁት አንድ በአንድ አልቀዋል። ባለቤቴ በላይም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ትቶልኝ ሄደ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

መንገዱ የሚታመን አይደለም፤ እሱ መምጣት አይችልም፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አዲስ አበባ ድረስ አልጓዝም። ስለዚህ እዚሁ ቤቴ እንድቀዳውና እንድልክለት ነው የሚፈልገው። በስልክ የተቀዳ አይሆንም አለ። ክራሩ ላይ የሚገጠም ድምፅ መቀበያ፣ ፒክአፕ የሚሉት፣ መምረጥ አለብኝ።

እሺ አልኩት። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ። ይህን ያህል ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ ዛሬ ለምን አስታወሰኝ? እጁ ከገባ በኋላ የማንን ድምፅ ጨምሮበት፣ በማን ስም እንደሚያወጣው በምን አውቃለሁ? ደግ ተማሪ ነበር። ደግ ተማሪ የነበረ ሁሉ ግን ደግ ሰው አይሆንም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ኢዘዲን ሱቅ ሄድኩ። አስፋልቱ ዳር ስልክና ስፒከር የሚጠግነው የለይላ ልጅ ነው። ለይላና እኔ አጥራችን አንድ ነው፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግነው። ኢዘዲንና የኔዋ ሜሮን ከአንድ ሳህን በልተው ያደጉ ናቸው።

ሦስት ዓይነት አለ አለኝ። አንደኛው ማግኔት ያለው፣ ጊታር ላይ የሚገጠመው። ሁለተኛው እንደ ሳንቲም ስስ ሆኖ ገላው ላይ የሚለጠፈው፣ የእንጨቱንና የቆዳውን መንቀጥቀጥ የሚቀበለው። ሦስተኛው ፒክአፕ ሳይሆን ትንሽ ማይክ ነው፤ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ክሮቹ የሚታሰሩበት ቀንበር ላይ ተቆንጥጦ ከአየሩ የሚሰማ። አንድ በአንድ እናስመጣና እንሞክር አለ።

ይህን ሁሉ ለመስማት ግን ስንት ጊዜ «ምን አልክ?» እንዳልኩት! ይህ ልጅ ድሮ እንዲህ አልነበረም። አሁን ቃሉን አፉ ውስጥ ያኝከዋል። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚናገረው፤ ክፍል ውስጥ ስንቱን አይቻለሁ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ጉድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንዷ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ለምኑ? ለመኪናው! ደብሪቱ ፒክአፕ ልትገዛ ነው ተብሎ ከተማው ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ሀብታሙ፣ የሽንኩርት ነጋዴው፣ በር ድረስ መጥቶ፣ መኪናዋ ስትገባ ጭነቱን እስከ ሐራ እንዳደርስለት ለመነኝ። ለክራር መሆኑን ብነግረው «እሺ እትዬ፣ መደበቅዎ ነው» ብሎ ሳቀ። ከልቡ አላመነኝም።

መሳቅ ይቻል ነበር። ግን ወሬውን ማን አወጣው? ያወቁት ኢዘዲንና ሜሮን ብቻ ናቸው።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ማግኔት ያለው መጣ። ኢዘዲን ክሮቹ ሥር ገጠመው፣ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገባ ትንሽ ሳጥን ጋር አገናኘው፣ ሳጥኑን ከሜሮን ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ክራሩን መታሁ። ዝም። ደግሜ መታሁ። ዝም።

የማሸጊያውን ጽሑፍ እንደገና አነበበና ራሱን አከከ። ማግኔቱ የሚሰማው የብረት ክር ብቻ ነው፤ የኔ ክራር ናይለን ነው። ይህን ሳያውቅ ነው ያመጣው? ድምፅ ሥራው የሆነ ሰው! «ወላሂ እትዬ፣ አላሰብኩትም» አለኝ። ይቅርታ ሲጠይቅ ዓይኑ ሜሮን ላይ ነበር።

ክሩን በብረት ቀይሪው አለችኝ ሜሮን። ብረት ሲሆን ክራሬ የሠርግ ክራር ይሆናል፤ ይጮኻል እንጂ አይናገርም። እምቢ አልኩ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

የሚለጠፈው መጣ። ትንሽ ነገር ናት፤ ኢዘዲን ክሮቹ የሚያርፉባት ብርኩማ አጠገብ ለጠፋት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መታሁ።

ወፍራሞቹ ክሮች ቅርብ ናቸው፤ ደረቴ ውስጥ ይገባሉ። ቀጫጭኖቹ ግን ሩቅ ናቸው፣ ጎረቤት ቤት የሚመቱ ይመስል። ቀጭኑን ድምፅ ጨምርልኝ አልኩት። ጨመረ። ደግመህ ጨምር አልኩት። «እትዬ፣ አሁን እኮ ጆሮ ይቆርጣል» አለ። ምኑ ነው የሚቆርጠው? የኔ ክራር ነው፤ እንዴት መሰማት እንዳለበት እኔ ነኝ የማውቀው። እስከ መጨረሻው አስጨመርኩት። ያኔ ጥሩ ሆነ።

ሜሮን ምድጃ ላይ ያለውን ልይ ብላ ወጣች። ምድጃ ላይ ምንም አልነበረም።

ጥሩ ነው? አልኳቸው በኋላ። ሁለቱም ጥሩ ነው አሉ። ቶሎ አሉ። በጣም ቶሎ።

ህዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስልጥ ሜሮንና ኢዘዲን በረንዳው ላይ ይንሾካሾካሉ። በሩ ጋ ቀረብ አልኩ። አላፍርም፤ ቤቴ ነው። ሜሮን «እማዬ እኮ አትሰማም» ስትለው በደንብ ደረሰኝ። እሱም የሆነ ነገር አላት፤ ከዚያ ውስጥ «ደሴ» የምትለውን ብቻ ለየሁ።

አትሰማም! እኔ! ለሰው ምክር ጆሮ ነሥቼ አውቃለሁ? ባል አላገባም ስትል ሰምቻታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ትቼ ፋርማሲ እቀጠራለሁ ስትል ሰምቻታለሁ። ዛሬ ልጄ ለሰው ልጅ እናቴ ግትር ናት ብላ ታማኛለች።

ደሴስ ምንድን ነው? ደሴ ድምፅ የሚያባዙ፣ የሚሸጡ ሱቆች ሞልተዋል። የቀዳሁት ሁሉ ኮምፒውተሯ ውስጥ ነው ያለው። ልጄ ናት፤ አታደርገውም። እሱስ?

እራት ላይ ምንም አላልኳትም። ጨው በዛ አልኳት እንጂ። አልበዛም ነበር።

ህዳር 7፣ ቅዳሜ

ፍፁም ደጋግሞ ደውሎ ነበር። አንዱንም አላየሁም። ስልኬ ድምፁ ተዘግቷል። ማን ዘጋው? ሜሮንን ጠየቅኳት፤ አልነካሁም አለች። ስልኩን ተቀብላ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ «እሺ፣ እከፍትልሻለሁ» ብላ መለሰችልኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም። ሰው ካልነካ ፊቱ እንዲህ አይሆንም።

ከፍፁም ጋር እንዳልነጋገር የሚፈልግ አለ።

ህዳር 9

ቀጭኑ ክር ተበጠሰ። ሌላ አሰርኩ፤ ስወጥረው እሱም ተበጠሰ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ አልወጣ ይለኛል። የዘንድሮ ናይለን ሁሉ የተበላሸ ነው። ወይም ኢዘዲን ያመጣልኝ ነው የተበላሸው።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ሕዝቡ ብዙ ነበር። ጸናጽሉን ቀንሰውታል መሰለኝ፤ እጃቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ከበሮው ብቻ ይሰማኛል። የዘንድሮ ልጆች ለሁሉም ነገር ይሰስታሉ።

ህዳር 16፣ ሰኞ

ሦስተኛው መጣ፤ ተቆንጣጩ ማይክ። ቀንበሩ ላይ ቆንጥጦ አዙሮ ወደ ቆዳው አመለከተው። ባቲን ተጫወትኩ። ኢዘዲን ማዳመጫውን አድርጎ ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ይህን ማየት አላቃተኝም። ለሜሮን ሰጣት። እሷም ፈገግ አለች። «እማዬ፣ ይኼ አንቺን ይመስላል» አለችኝ።

ለኔ ሲሰጡኝ ክራሩ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ነው የሚመስለው። ወፍራም ወፍራሙ ብቻ፤ ቀጫጭኖቹ የሉም። ባጃጁ ገብቷል፣ የለይላ ዶሮ ገብታለች፣ የኔ ጣት ግን የለም። እነሱ ፈገግ ያሉት ለምንድን ነው?

ኢዘዲን ጥሩ ነው፣ ወፎቹ ትንሽ ገብተዋል እንጂ አለ።

«የምን ወፍ?» አልኩት።

ተያዩ። ከዚያ ሜሮን ማንጎው ላይ ያሉት ብላ ጠቆመችኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ እውነትም ቅርንጫፉ በወፍ ተሞልቷል፣ ምንቃራቸው ይከፈታል ይዘጋል። ዝም ያለ ወፍ ምን ይገባል ብዬ ትቼው ገባሁ።

የሚለጠፈው ይሁን አልኳቸው። ክርክር አልፈልግም። ኢዘዲን አንድ ጊዜ ደግመው ይስሙት ብሎ ለመነኝ፤ ለምን እንዲህ እንደሚለምን አልገባኝም። ሜሮን እጁን ያዘችው፤ ተወው። በእነዚህ ልጆች መሃል የሆነ ነገር አለ። እስላምና ክርስቲያን መሆናቸው አይደለም የሚከነክነኝ፤ ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የገዛ እናቴ እህት እስላም አግብታለች። የሚከነክነኝ ከኔ መደበቁ ነው።

ህዳር 20፣ ዓርብ

ትዝታንና ባቲን በሚለጠፈው ቀድተን ኔትወርክ በመጣበት ሰዓት ላክንለት። ፍፁም ማምሻውን ደወለ። ድምፁ እንደ በፊቱ አይደለም፤ ይጠነቀቃል። እጄ እንዳማረ ነው አለ። ቀጥሎ የቀጫጭኖቹን ክሮች ቅኝት አዲስ መንገድ አወጣሁላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ማለት ነው? እናቴ እንደቃኘችው ነው የምቃኘው አልኩት። ከዚያ ሜሮን አጠገቤ ካለች እንዳቀርብለት ጠየቀኝ።

ሰጠኋት። ይዛው ወደ ግቢ ወጣች። አጥሩ ጋ ቆማ ብዙ አወራች። ጀርባዋን ነው የሰጠችኝ።

ስልኩ ሲመለስልኝ ምን አለሽ ብላት «ስለ ፋይሉ ነው» አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

እንዲህ ነው የሆነው፤ አስቤ ደረስኩበት። መጀመሪያ የለጠፈልኝ ፒክአፕ ጥሩ ነበር። ክሮቹ ሲበጠሱ ልቀይር ብሎ ክራሩን ሱቁ ወስዶ አሳድሮት ነበር። ያኔ ዋናውን ነቅሎ የማይረባውን ለጠፈበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ድምፁ የደከመው። ዋናውን ለሠርግ ባንድ ሸጦታል። ፍፁምም አውቋል፤ ሜሮንም አውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ህዳር 21፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ደስ አለኝ። ክራሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ዋናውን መልስ አልኩት። የምን ዋና አለ። ነገርኩት፤ አስተማሪ ነኝ፣ ድምፄ ሱቁን አልፎ አስፋልቱን ይሻገራል። ሌባ አልኩት። የማውቃት እናትህ እንዲህ አላሳደገችህም አልኩት።

ኢዘዲን ገርጥቶ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አልደረሰኝም። ሁለተኛ አልደገመውም። ከመሳቢያው ማግኔት ያለውንም፣ ተቆንጣጩንም፣ ገመዶቹንም ሁሉ አውጥቶ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ።

ወስጄ መጣሁ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በመንገድ ላይ ፌስታሉ ከበደኝ።

ህዳር 22፣ እሁድ

ሜሮን አታናግረኝም። ለይላ አጥሯ ጋ አየችኝና ገባች።

ህዳር 23

ክራሩን አልነካሁም። ባላደረገውስ? አድርጎታል። ባላደረገውስ?

ህዳር 25፣ ረቡዕ

ይህን ሳልጽፈው ካደርኩ ነገ ሌላ ነገር አድርጌ አስታውሰዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ለይላ መጣች። በረንዳው ላይ ስንዴ ስለቅም ነበር፣ ጋቢዬን ጭኔ ላይ ጣል አድርጌ። ተቀመጪ አልኳት፤ ቆመች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ጀመረች፤ ልጇ ሦስት ቀን ሱቅ እንዳልከፈተ፣ አባቱ ሲሞት እንኳ እንዲህ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ለይላ አንገቷን ቀና አድርጋ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ የእሷ ንግግር ሁልጊዜም ይገባኛል። እኔም ስለ ፒክአፑ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሹክሹክታው መዘርዘር ጀመርኩ። ስናገር አታየኝም። የምታየው ጭኔን ነው።

«ደብሪቱ» አለችኝ፤ «ስልክሽ እየጠራ ነው።»

ዝቅ ብዬ ጋቢውን ገለጥኩ። የስልኩ መስታወት ያበራል፤ ፍፁም የሚል ስም። ድምፁን ዘግተውብኛል አልኳት። እሷ ስልኩን ከጭኔ አነሣችና እጇ ላይ ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ልክ ሕፃን እንደሚታቀፍ። ዶሮዋ እንኳ ዘወር ብላ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

ያኔ ሰማሁት። ከሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ እንዳለ ጢንዚዛ።

«አልተዘጋም» አለችኝ። «ከበር ጀምሮ ይሰማኝ ነበር።»

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፤ የቆመበትን ጊዜ ራሱ ያወቅኩት መብራቱ ሲጠፋ ነው። ከዚያ ለይላ ተቀመጠች። ሜሮንና ኢዘዲን የሚንሾካሾኩት ደሴ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሊወስዱኝ መሆኑን፣ ማን ይንገራት፣ አንተ ንገራት፣ አንቺ ንገሪያት እየተባባሉ ወር እንዳለፋቸው ነገረችኝ። የቀዳሁት ሁሉ ቀጫጭኑ ክር ከልክ በላይ ተወጥሮ፣ ጆሮ እንደሚወጋ ነገረችኝ። ፍፁም ሜሮንን የጠራት ለዚያ ነው። ልጄ አጥሩ ጋ ቆማ ያለቀሰችው ለዚያ ነው።

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አልኳት።

«ፈሩሽ።»

«እኔ ምን አደርጋቸዋለሁ?»

«ደብሪቱ፣ ጆሮሽም አይሰማ፣ አንቺም አትሰሚ። በየት በኩል ይግቡ?»

ልቆጣ ነበር። ሳላስበው ሳቅኩ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ለይላ እጄን ይዛ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አለችኝ፤ ይህን ቃል ስትለው ከንፈሯን አይቼ ነው የሰማሁት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፤ ሰውን በከንፈሩ ነው ስሰማ የኖርኩት። ኢዘዲን ሥራው ላይ አቀርቅሮ ነው የሚናገረው። ሜሮን ጀርባዋን ስትሰጠኝ ትጠፋብኛለች። ሌላ ምንም አልነበረም።

ለይላ ከሄደች በኋላ ማንጎው ሥር ቆሜ ወፎቹን አየሁ። ሲዘፍኑ አየሁ።

ህዳር 30፣ ሰኞ

ደሴ ደርሰን ተመለስን። በውርጌሳ በኩል መኪናው ደጋግሞ ለፍተሻ ቆመ። ሜሮን መስኮቱ ጋ አስቀምጣኝ እጄን አልለቀቀችም፤ ተጣልተን እንደነበር ሁለታችንም አላነሳንም።

ሐኪሙ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባኝና ማዳመጫ አደረገልኝ፤ ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን። ምንም ሳልሰማ ጊዜው ሲሄድ ፈራሁ። በመስታወቱ የእሱን ጣት እያየሁ፣ ሲንቀሳቀስ ቁልፉን ተጫንኩ። ወዲያው ገባውና ወንበሬን አዙሮ ወደ ግድግዳ አስቀመጠኝ። ስንት ተማሪ ሲኮርጅ እንዳልያዝኩ በስልሳ ዓመቴ ተያዝኩ።

ቀጫጭኑ ድምፅ ከሁለቱም ጆሮዬ ሄዷል፤ አይመለስም። የቀረው ለጊዜው ይቆያል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ሊነግረኝ አልቻለም። ለንግግር የሚረዳ መሣሪያ ጆሮዬ ውስጥ አደረገልኝ። የሜሮን ድምፅ ገባ፤ እንደ ቆርቆሮ ነው ግን ገባ። «እማዬ፣ ይሰማል?» አለችኝ። ይህ ሁሉ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደምናገር ያወቅኩትም ያኔ ነው፤ አዎ ስላት ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየን። የፒክአፑን ወሬ ለከተማው ያሰማሁትም እኔው ሳልሆን አልቀርም።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ኢዘዲን ሱቅ ሄድኩ። ሰው እስኪሞላ ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ። ያዋረድኩት በሰው ፊት ነው፤ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ብጠይቀው ሌላ ስርቆት ይሆናል። ገብቼ ይህ ልጅ ምንም አልወሰደብኝም፣ ጆሮዬ ነው የታመመው፣ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው አልኩ። ጮክ ብዬ ይሁን ቀስ ብዬ አላውቅም።

ኢዘዲን ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ፤ አነሣሁት። ቀና ብሎ ፊት ለፊቴ ቆመና ቃሉን ለይቶ ተናገረ።

«ሌባ ያሉኝን ትቼዋለሁ እትዬ። ግን እየተበላሸ መሆኑን እያወቅኩ ጥሩ ነው ስልዎት ነበር። እሱንስ እርስዎ ይቅር ይሉኛል?»

ስለዚህ አንድ ነገር ላይ ልክ ነበርኩ፤ ይደብቁኝ ነበር። ልክ መሆኔ ግን ምንም አላስደሰተኝም። ሁለተኛ ጥሩ ያልሆነውን ጥሩ ነው እንዳትለኝ አልኩት። እሺ አለ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ፍፁምን እኔው ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ሌላ ክራር መቺ ፈልግ አልኩት። ሌላ የለም አለኝ፤ እጅዎ አልታመመም አለኝ። የጆሮዬ መሣሪያ ስልክ ሲጠጋው ያፏጫል፤ እንደምንም ተግባባን።

ቀጥሎ ያለው ነው የከበደኝ። ክራሬን ሰው ይቃኝልኝ? እናቴ ከሞተች ወዲህ ከበላይ በቀር ማንም ቃኝቶት አያውቅም። ሜሮን መቃኘት ከልጅነቷ ታውቃለች፤ ተምራ ተወችው እንጂ። ዛሬ ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጭኑን ክር አላላችው። አላላችው። እኔ በሚሰማኝ ልክ ክሩ ረገበ፣ ሞተ። እጇን ልይዛት ነበር። ለምን እንዲህ ታላላዋለች? እኔን ለማስደሰት ይሆን? ልታሳፍረኝ ይሆን? ሐኪም ዘንድ ያልሄደው ይህ ልቤ ብቻ ነው።

እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ። ጨርሳ ሰጠችኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ምርጫው አለቀ። ሦስቱንም እንደገና ሞከርን። ዛሬ ግን እኔ ማዳመጫውን አላደረግኩም። ለይላን፣ ሜሮንን፣ ኢዘዲንን በየተራ አሰማሁና ፊታቸውን ተመለከትኩ። በሚለጠፈው ጊዜ የለይላ ቅንድብ ተሰበሰበ። በተቆንጣጩ ማይክ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ለይላ ሙዚቃ አላውቅም ትላለች፤ መንዙማ ሲሆን ግን ከሌሊት እስከ ንጋት ተቀምጣ የምትሰማ ሴት ናት።

ተቆንጣጩ ይሁን አልኩ። ወፎቹስ? አለ ኢዘዲን። እናንተ ከወደዳችኋቸው ይግቡ አልኩት።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ትዝታ አለቀ። ባቲ አለቀ። አንቺሆዬ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ ሦስተኛው ተሳካ። ኢዘዲን ሁለቱን ጊዜ «ይኼ አይሆንም» አለኝ፤ ፊቴን እያየ። አመንኩት።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ አምባሰል።

ጠዋት ሜሮን ቃኝታ ሰጠችኝ። የጆሮ መሣሪያውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ ለንግግር እንጂ ለክራር አይሆንም። ኢዘዲን ማይኩን ቆነጠጠ፣ ኮምፒውተሩን ነካካ፣ እጁን አወረደ። ጀመርኩ።

ስጫወት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወፍራሞቹን ክሮች ከሆዴ ጀምሮ እሰማቸዋለሁ። ቀጫጭኖቹን ጣቴ ሲነካቸው አውቃቸዋለሁ፤ የሚሰጡት ድምፅ የት እንዳለ ትዝ ይለኛል፣ እዚያው ቦታው ላይ አኖረዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እጄን እጠብቀው ነበር፤ ተሳሳተ ይሆን፣ ፊታቸው ተለወጠ ይሆን እያልኩ። መሃል ላይ ተውኩት። እናቴ ያሳየችኝ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ማንም የለም፣ የሚጠበቅ የለም፣ የሚደበቅ የለም። ከወልድያ መድረክ ወዲህ እንዲህ ተጫውቼ አላውቅም።

ጨርሼ ዓይኔን ስከፍት ኮምፒውተሩ ጠቁሯል። የሜሮን ኮምፒውተር ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ገመዱ ሲሰካ ብቻ ነው። መብራት ሄዷል። ኢዘዲን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ለይላ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አላወቅኩም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ያው የድሮዬ ነው፤ ምን ደበቁኝ። መሣሪያውን ጆሮዬ ውስጥ መለስኩ። መቼ ነው የሄደው አልኳቸው። ገና ስጀምር ነበር አሉኝ። ምንም አልተቀዳም።

«ታዲያ ለምን አላስቆማችሁኝም?»

ሜሮን መጥታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች፤ አፏን እንዳየው።

«እየሰማን ነበር» አለችኝ።

አመሻሽ ላይ መብራት መጣ። እንደገና ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተጫወትኩ። እጄ ይጠነቀቅ ነበር። ሲያልቅ ኢዘዲን ማዳመጫውን አወረደና ጥሩ ነው፣ ያኛው ግን ይበልጥ ነበር አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ለፍፁም የተላከው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን አራታችን ሰምተነዋል።